ሁለት የተገደፉ ፊደላት

ሚስተር ታሎክ ሞቱ፤ ባንኩ ጥቁር ለብሷል፣
ምክር ቤቱ ደጃፍ ባንዲራው ዝቅ ብሏል፤
የሜልቦርን ጋዜጣ ሦስት ዓምድ ሰጥቷቸው
‘በጎ አድራጊ’ ሲል ነው የሚያሞግሳቸው።
እኔ ግን ጸሐፊው፣ አርባ አንድ ዓመት
ሱፋቸውን ስቆጥር የጎበጥሁበት
ጠረጴዛዬ ጋ ዛሬም ተቀምጬ፣
አንዲት ግድፈት አለች፤ ላውጣት አፍረጥርጬ።

‘አንቱ’ ሳይባል ገና፣ በሃያ ዓመቱ
ኢቫንደር ታሎክ ነው፣ ሲጠሩት በቤቱ።
ከስኮትላንድ መጣ በመርከብ፤ ይዞ ነበር
አንድ ድስት፣ ሁለት ውሻ፣ የአጎቱን ብድር፣
አራት መቶ በጎች፤ ፊቱ ካርታ የሌለው ምድር።

ሦስት ሳምንት ነዳቸው፣ ምላስ አብጦባቸው፤
ውሃው ከሱ ቀድሞ በጎቹን ሸተታቸው።
ሮጡ። ተከተለ። ከድንጋዮች መሐል
ጥቁር ውሃ ተኝቷል፣ ሰማይ ውስጡ ይታያል።
ዳሩ ላይ አንዲት ሴት፣ ልጇን በካንጋሮ ቆዳ አዝላ፣
ሥራሥር ታጥባለች ከባሕር ዛፉ ጥላ።
በጎቹን ነው እንጂ እሱን አልፈራችም፤
እንዲህ ያለ አውሬ ከዚህ በፊት አላየችም።
‘ስሙ ማነው?’ አላት፣ ውሃውን በጣት አመልክቶ፤
‘ኩራንዲላ’ አለችው። ጻፋት ቃሏን ሰምቶ፤
ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም ከቶ።

በሦስተኛው ዓመት እኔ ለሥራው ገባሁ፤
የመሬት ፈቃዱን ከማስታወሻው ስገለብጥ አመሸሁ።
ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ሲያዝ፣
‘ን’ እና ‘ዲ’ን ዘለልሁ፤ ‘ኩራላ’ ተባለ ወንዝ።
ማንም አላረመኝ። በጆንያ ተጻፈ፣
በመርከብ ተጭኖ ባሕሩን አለፈ፣
በአክሲዮን ወረቀት በወርቅ ተለጠፈ፤
የሷ ቃል ከሷ ጋር ውሃው ዳር አረፈ።

መዝገቤ ላይ አለች፤ ስም ግን አልሰጠኋትም፦
‘ዱቄት፣ ስኳር፣ ትንባሆ — ለእረኛው እናት’፤ ወይም
‘አንድ ብርድ ልብስ፣ አሮጌ’። ከዚያ በመስከረም
መስመሩ ባዶ ነው። ምክንያት አልጻፍሁም።
በዚያው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በኔው እጅ ጽሕፈት፣
‘ባሩድ፣ ሦስት በርሜል’፤ ጠያቂ የሌለበት።

‘አንቱ’ የሚለው ቃል ከሱፍ ዋጋ ጋር ወጣ፤
ሐር ባርኔጣ ደፉ፣ ምርጫውም ተከትሎ መጣ።
ምክር ቤት ሲናገሩ አንድ ጊዜ ሄድሁ፤
ከላይ፣ ከሰገነት፣ ቆሜ አዳመጥሁ።
‘ክቡራን!’ አሉና ድምፃቸው ሲሰማ
መንጋ የሚያስገቡ መሰለኝ ከጨለማ።
የባቡሩ ሐዲድ ድምፅ ተሰጠበት፤
ቀጥ ብሎ መጣና፣ ሱፍ መጋዘናቸው ፊት
እጅ ነሥቶ አለፈ፣ እንደ ሎሌ ከጌታው ቤት።

ኋላም ሊቀመንበር፦ ባንክ፣ መርከብ፣ ከሰል።
በድርቁ ዓመት በጎች ሜዳ ላይ ሲረግፉ
የራሳቸውን ድርሻ ሸጠው ቀድመው አረፉ፤
መበለቶች ቀሩ፣ ቄሱና አስተማሪው፣
በወርቅ የታተመ ‘ኩራላ’ ታቅፈው።
መቀሱ ተለየ እንጂ ሸላቹ ያው ነው።
በ‘በግ’ እና በ‘በጎ’ መካከል ያለችው
አንዲት ቅጥል ነች፤ ጋዜጣው የቀጠለው ያችን ነው።

(እኔም ከደመወዜ አክሲዮን ነበረኝ።
‘ሽጥ’ ብለው በጆሮዬ፣ በጊዜ ነገሩኝ።
ሸጥሁ። ይኸው ኮቴ፣ ይኸው የጥርሴ ወርቅ።
ንጹሕ ነኝ አልልም፤ አንባቢ ይህን ይወቅ።)

ባለፈው ማክሰኞ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣
ሌሊት አስጠሩኝና አጎነበስሁላቸው።
‘ያ ውሃ . . . ስሙ ማነው?’
                              ‘ኩራላ’ አልኋቸው።
ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤
‘አይደለም’ አሉ፤ ‘ይረዝማል።’ እጄን ጥብቅ አርገው አነቁ።
አውቀው ነበር። አርባ አንድ ዓመት። እኔም ዝም አልሁ፤
ሻማው እስኪያልቅ ድረስ አጠገባቸው ዋልሁ።

የመቃብሩን ድንጋይ ዛሬ ጽሑፍ አርቅቅ አሉኝ፤
‘የኩራላው ጌታ’ ነው ቦርዱ ያዘዘኝ።
ጠራቢው ዋጋውን በፊደል ነው የሚቆርጥ፤
ሁለት ጨምር አልሁት፤ ከኔ ደመወዝ ይቆረጥ።